ከክሩ እስከ ጆሮው

አርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ አዳማ ሌላ መልክ ትይዛለች። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የወረዱት መኪኖች ከሆቴሎቹ ደጅ ይደረደራሉ፤ ሳምንቱን በስብሰባ የከረመው እንግዳ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ ወደ ላውንጁ ይወርዳል። አዳራሹ ውስጥ ባንዱ ዕቃውን እየዘረጋ ነው። ድራመሩ የእግር ከበሮውን ደጋግሞ ይመታል፣ ኪቦርዲስቱ ድምፅ ይመርጣል፣ ቤዚስቱ ጃኩን ሲሰካ ከስፒከሩ ወፍራም ጉምጉምታ ይወጣል። ከሚክሰሩ ጀርባ የተቀመጠው የሳውንድ ሰው «ቤዙን ቀንስልኝ» ይላል። ቤዚስቱ ይቀንሳል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ወለሉ በጨፋሪ ሲሞላ ያ ቤዝ ከሁለት አንዱን ሆኗል፤ ወይ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ፣ ግን ኖታው የማይለይ ጉርምርምታ ነው፤ ወይ ጨርሶ የለም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ሞጆ አስፋልት ዳር፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔም ቢኬድ ታሪኩ ብዙ አይለይም። ቤዚስቱ ሌሊት ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያስበው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ የተሻለ ጊታር መግዛት አለብኝ። እኔ የምሟገተው ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቤዝ ድምፅ የሚባክነው ከክሩ ተነሥቶ ጨፋሪው ጆሮ እስኪደርስ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ኤሌክትሪኩን፣ ኬብሉን፣ አዳራሹን፣ ድራመሩንና ቅኝቱን ያጠቃልላል። ገንዘብም ጊዜም መዋል ያለበት እዚያ ነው፤ ጊታሩ ተራውን ይጠብቅ።

ከአዳራሹ ልጀምር፤ ቤዝን ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ የሚለየው ከአዳራሹ ጋር ያለው ጠብ ነውና። የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ብዙ የላውንጅ አዳራሾች ወርዳቸው ከዚያ ያንሳል። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል ጣሪያ እየተመላለሰ አንዳንዱን ኖታ ያሳብጣል፣ አንዳንዱን ይውጣል። ጣሪያው 3 ሜትር ከሆነ በ57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ፣ ማለት ወደ ታችኛው ቢ ፍላት የሚጠጋው ኖታ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ያገሳል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ፊት ለፊቱ መስታወት ሲሆን ድምፁን የሚመጥ ነገር አይኖርም። ይህን አዳራሽ የአምስት ሺህ ዶላር ጊታርም አያርመውም። የሚያርመው ተጫዋቹ ዕቃ ዘርግቶ ሲጨርስ የሚያጠፋው አምስት ደቂቃ ነው። ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እኩል እየመታ ይወጣል፤ የትኛው እንደሚያብጥ ይለያል፤ በዚያ ቦታ ላይ ኢኮላይዘሩን ይቀንሳል፤ ካልተቻለም ያንን ኖታ በሌላ ክር ላይ አሳጥሮ ይጫወተዋል።

እዚህ ላይ የጆሮን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። የሰው ጆሮ ለዝቅተኛ ድምፅ ሰነፍ ነው፤ የ41 ኸርዝ ድምፅ የዘፋኙን ያህል ጎልቶ እንዲሰማ ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። የኃይል ነገር ደግሞ ርኅራኄ የለውም። የአምፕሊፋየሩን ዋት በእጥፍ ማሳደግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲባል ግን 10 ዴሲቤል፣ ማለት 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ቤዝ አልሰማም ሲባል የቤዙን ቁልፍ ወደ ቀኝ ማዞር ታዲያ ጉልበቱን ሁሉ ጆሮ ከማይቀበለው ቦታ ላይ ማፍሰስ ነው። የሚሻለው ከ200 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን መካከለኛ ድምፅ በትንሹ ማንሣት ነው። ከእያንዳንዱ ኖታ ጋር እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ የሚርገበገቡ አጃቢ ድምፆች አብረው ይወጣሉ፤ ጆሮ እነሱን ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ አፍንጫ አፍንጫ የሚል የሚመስለው ድምፅ ከሙሉ ባንድ ጋር ሲገባ ጥርት ብሎ ይለያል። ቤዚስቶች ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሆነው የወደዱትን ለስላሳና ወፍራም ድምፅ ይዘው መድረክ ላይ የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ አንባቢ አይፍረድብኝ፤ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሕይወትም የሚጠፋበት ጉዳይ ነው። አዳማ በኃይል ማመንጫዎች የተከበበች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ቅርቧ ነው፤ አፋፏ ላይ የሚሽከረከሩት የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ተርባይኖች 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህ ሁሉ በደጅዋ እያለ ግን መብራት በምሽት ሥራ መሃል ሊጠፋ ይችላል፤ ቤቱ ጄኔሬተር ያስነሣል፤ መብራት ሲመለስ ቮልቱ ይዘላል። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አምፕሊፋየር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ ከሌለው ቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ሲገዛም ዋቱ አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው በደንብ መብለጥ አለበት፤ ልክ በልኩ የተገዛ ትራንስፎርመር በሁለተኛው ሰዓት ይግላል። ከዚያ በፊት ስታቢላይዘር ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ወዲያው አጥፍቶ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ፣ ድምፁን ዜሮ አድርጎ ማብራት ምንም ወጪ የለውም።

ጉምጉምታው ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የቤዙ አምፕሊፋየርና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩና የመሬት መስመራቸው ሲለያይ ነው። ሁለቱን ከአንድ ሶኬት ማስነሣት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። በየመድረኩ የሚታየው መድኃኒት ግን የአምፕሊፋየሩን የመሬት እግር መቁረጥ ወይም ባለ ሁለት እግር መሰኪያ መጠቀም ነው፤ ድምፁ ጸጥ ይላል፣ ተጫዋቹ ግን ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። ክሩን በእጁ እንደያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ ጅረቱ በሰውነቱ በኩል ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቬይ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው በትክክል ባልተገናኘ መሬት ምክንያት ኤሌክትሪክ የያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። ከመጀመሩ በፊት የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከክሩ፣ ሌላውን ከማይክሮፎኑ ብረት አስነክቶ ቮልቱን ማየት ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ቁጥር ካሳየ ማንም አይዘፍንም፤ ባለቤቱ ቢቆጣም፣ እንግዳው ቢያጨበጭብም።

እንግዲህ ቤዚስቱ ምን ይግዛ? መጀመሪያ ዲአይ ቦክስ። በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ሣጥን ናት፤ የጊታሩን ደካማ ምልክት ተቀብላ ሚክሰሩ በሚፈልገው መልክ፣ በማይክሮፎን ኬብል፣ ሳይደክም ረጅም ርቀት እንዲሄድ ታደርጋለች። በጎኗ ያለችው የመሬት ማላቀቂያ ቁልፍ የምልክቱን መስመር ብቻ ስለምትለይ ጉምጉምታውን ያለ አደጋ ታጠፋለች፤ የተቆረጠው የመሬት እግር መልሱ እሷ ነበረች። የድምፅ መቆጣጠሪያ ያላት ከሆነች ደግሞ ቤዚስቱ በማንኛውም ቤት የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል። ከዚያ ሁለት ጥሩ ኬብል፣ አንዱ መጠባበቂያ። ከዚያ በመድረክ ጨለማ የሚታይ ቱነር። ትልቁን አምፕሊፋየር የማስቀረው በዋጋው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው 300 ዋት አምፔግ ኤስ.ቪ.ቲ. ራሱ ብቻውን ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስምንት ስፒከር ያለው ሣጥኑ ከ60 ኪሎ ያልፋል። ለስታዲየም የታሰበ ዕቃ ነው። የአዳማ ቤዚስት ወደ ሥራ የሚሄደው በባጃጅ ነው። የዛሬዎቹ ቀላል አምፕሊፋየሮች ሁለት ሦስት ኪሎ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ ከአንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ጋር ከባጃጁ ኋላ ወንበር ላይ ከጊታሩ ጎን ይቀመጣሉ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚያነሡት ስለሆነም ቀላል አይደለም። «ለቤቱ ሲስተም ራሴን ከሰጠሁ በሳውንድ ሰውየው እጅ ወደቅሁ፤ እሱ ያሻውን ያደርገኛል፤ የራሴ ትልቅ አምፕሊፋየር ካለኝ ግን ማንም አያጠፋኝም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ቤቱ ሰብዉፈር ከሌለው ወይም ሲስተሙ ለድምፅና ለኪቦርድ ብቻ ከተዘጋጀ፣ ከሚክሰሩ የሚወጣው ቤዝ ቀጭን ነው። ነገር ግን መድረክ ላይ የሚጮኽ አምፕሊፋየር ሌላ ሰንሰለት ይጀምራል። ዘፋኙ ራሱን አይሰማም፣ ሞኒተሩን ያስጨምራል፣ ማይክሮፎኑ ያፏጫል፣ ድራመሩ ጠንክሮ ይመታል፤ መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠው እንግዳ ሂሳቡን ዘግቶ ይወጣል። ትንሿ አምፕሊፋየር ለራስና ለድራመሩ መስሚያ ከኋላ ትቀመጥ፤ አዳራሹን ሲስተሙ ይሸከም፤ ቀጭን ሲሆን ደግሞ ቀድሜ ያልሁት መካከለኛ ድምፅ ያድነዋል። ለጆሮም ይህ ይሻላል። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት ይፈቅዳል፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ባንዱ የሚጫወተው ደግሞ አምስት ስድስት ሰዓት ነው። የሙዚቀኛ የጆሮ መክደኛ ከአንድ ሙሉ የመለወጫ ክር ስብስብ በማይበልጥ ዋጋ ሊገኝ ይችላል፤ የጠፋ ጆሮ ግን አይገዛም።

ወደ ጊታሩ ስመለስ የምናገረው ጥቂት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ክርም ጭምር፣ አብሮ ተሰቅሏል። በዚህ ዋጋ ጊታር ከመቀየር ያለውን ማስተካከል ይቀድማል። አንገቱን በውስጡ ባለው ብረት ማቅናት፣ የክሩን ከፍታ ማውረድ፣ ላላ ያለውን ጃክ መበየድ አንድን ተራ ያማሃ ሌላ ዕቃ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ ሸለቆው ሙቀት የሚወርድ እንጨት ይነቃነቃል፤ ጊታሩን ፀሐይ በመታው የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ከማቆየት ተሳፋሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ላብ ክር ይበላል፤ በየዕረፍቱ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ለዚህ ሁሉ ትልቁ ምስክሬ ጄምስ ጄመርሰን ነው። በዲትሮይት የሞታውን ስቱዲዮ ዓለምን ያስጨፈሩት ቤዞች የእሱ ናቸው፤ አብዛኞቹን የተጫወተው በአንድ ፌንደር ፕሪሲዥን፣ እስኪበጠሱ በማይቀየሩ ልሙጥ ክሮች፣ በአንዲት ጣት፣ አምፕሊፋየር ሳይቆም ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ተሰክቶ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከቤቱ ባለቤት የሚመጣው ነው፤ «ቤዝ ጊታር ለምን? ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይጫወተዋል፤ አንድ ደሞዝ ይቀርልኛል።» ይህን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ማስረጃም አለው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ያወጡት ሥራ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ ይዘው ብቻቸውን የሠሩት ነው፤ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አደነቀው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ሙዚቃችንም በአብዛኛው በኪቦርድ የቆመ ነው። ግን እኒሁ ሰው ቀደም ብለው በዋልያስ ባንድ ምን እንደሠሩ እንይ። በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቼ በለው» አልበም ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘው ሥራ ዛሬም በየአገሩ የሚጫወተው ከዜማው እኩል ከሥሩ በሚመላለሰው ቤዝ ምክንያት ነው፤ የባንዱ ቤዚስት መላከ ገብሬ ነበሩ። ዋልያሶች በአዲስ አበባ ሂልተን በሚጫወቱበት ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ የገባ እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም ነበር፤ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። ሰውን እስከ ንጋት ወለል ላይ የሚያቆየው በአንድ እጅ የተከፈለ ትኩረት አይደለም። የኪቦርዲስት ግራ እጅ ቀኝ እጁ ሶሎ ሲገባ ይቀልላል፤ ሙዚቃው ወደ ላይ ሊወጣ በሚገባው ሰዓት ሥሩ ይሳሳል። ለባለቤቱ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ በክርክር ግን አይሰጥም። አንድ ቅዳሜ ቤዝ ጊታር ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይኖር ወለሉን ማየት ይበቃል። ቤዚስቱ ግን ይህን ፈተና የሚያልፈው ኪቦርዱ የማይሰጠውን ከሰጠ ብቻ ነው።

የማይሰጠው ነገር ከድራመሩ ጋር አንድ ሰው መሆን ነው። ችክችካ በስድስት ምት ይዞራል፤ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎም፣ ሁለት ሁለት አድርጎም መስማት ይቻላል። ድራመሩ በአንዱ፣ ቤዚስቱ በሌላው ከሰሙት ጨፋሪው ትከሻውን የት እንደሚጥል ያጣዋል። የእግር ከበሮው የት እንደሚወድቅ ተስማምቶ እዚያ ላይ ክሩን መምታት፣ ድምፁንም ከሚቀጥለው ምት በፊት በመዳፍ ማፈን፣ ከማንኛውም አምፕሊፋየር በላይ ቤዙን ያጠራዋል። ዝምታው የኖታው ግማሽ ነው። ይህን ለመማር የስምጥ ሸለቆ ቤዚስት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለዳያስፖራ ጥቁሮች መሬት የሰጡባት ሻሸመኔ የሬጌ ሰዎች መኖሪያ ናት፤ ሬጌ ደግሞ ዜማውን ለቤዝ አሳልፎ የሰጠ፣ ቤዙም በሚዘለው ምት የሚታወቅ ሙዚቃ ነው። አንድ ዓመት ሬጌ የተጫወተ እጅ ወደ አማርኛ ዘፈን ሲመለስ ቦታ መተው ያውቃል።

ቅኝት ላይ ሲደረስ ከውጭ የተቀዳ ልማድ ይፈተናል። ከቪዲዮ የሚማር ወጣት ቤዚስት መጀመሪያ የሚያገኘው ምክር መነሻውንና አምስተኛውን ኖታ አፈራርቅ የሚል ነው። በትዝታ ያስኬዳል፣ በባቲ ያስኬዳል፣ በአምባሰልም አምስተኛው አለ። አንቺሆዬ ላይ ግን አምስተኛው የለም፤ በቦታው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኖታ ነው ያለው። ያንን ሳያስተውል በልማዱ የሚመታ ቤዚስት ከዘፋኙ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ይጋጫል፤ ሳውንድ ሰውየውም ጥፋቱን ሳይረዳ ቤዙን ይቀንሰዋል። አምባሰል ደግሞ ሦስተኛ ኖታ የለውም፤ ኪቦርዲስቱ በሙሉ ኮርድ ሲሞላው ጠረኑ ይጠፋል፤ ቤዙ ባዶውን ሲጠብቅለት ይድናል። አዳማ ላይ በአንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ትግርኛ ይጠየቃል። በድሬዳዋ አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ያደጉት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ያረፉት የኦሮምኛ ዘፋኙ ዓሊ ቢራ ዑድ ተጫዋች ነበሩ፤ ዜማቸው እንደ ዑድ ይጎተታል፣ ይንጠለጠላል፤ የሸዋ ችክችካ ቤዝ ሲለጠፍበት ይሰበራል። የዓሊን ዘፈን የሚጠይቅ እንግዳ ዘፈኑን በልቡ የሚያውቅ ነው፤ ማታለል አይቻልም። እነዚህን ስልቶች ለይቶ የሚያውቅ ቤዚስት፣ ጊታሩ ያረጀ ቢሆን እንኳ፣ ስልኩ ይጠራል።

ስልኩ ሲጠራ ገንዘቡም በቃል እንጂ በግምት መታሰር የለበትም። ሽልማት በግንባር ላይ የሚለጠፈው ለዘፋኙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለባንዱ ድርሻ ይኑር አይኑር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የመመለሻ ትራንስፖርት የማን እንደሆነ፣ በሥራው መሃል መብራት ጠፍቶ ቢቀር ክፍያው ሙሉ መሆን አለመሆኑ፣ ጃክ ከመሰካቱ በፊት መነገር አለበት። ሲመሽ የሚነሣ ጥያቄ ጠብ ይሆናል።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ረመዳን ሲገጥምበት ደግሞ የበለጠ። ያ ጊዜ ለቤዚስት ባዶ አይደለም። ጃኩ የሚበየደው፣ አንገቱ የሚቃናው፣ ኬብሉ አንድ በአንድ በቴስተር የሚፈተሸው ያኔ ነው፤ ድራመሩን አንዲት ክፍል ውስጥ ይዞ፣ ያለ ዘፋኝ ያለ ኪቦርድ፣ ስድስቱን ምት ቀስ አድርጎ የሚፈታውም ያኔ ነው። ከዳግማ ትንሣኤ ጀምሮ የሠርጉ ስልክ ይጮኻል፣ አዳራሾቹም ይከፈታሉ።